የ37 ሰው ትከሻ በአማካይ አይሳልም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁለቱ ስለ አንድ ምሽት የሚያወሩ ሆነው አገኘኋቸው። አንዱ ከኮምቦልቻ የመጣ ነው፣ ሌላው ከደሴ። ሁለቱንም ሰዎች ደውዬ አነጋግሬያለሁ፤ ስማቸው ሳይጠቀስ እንዲወጣ ፈቅደውልኛል። መሃል ላይ አንድ አጭር ጥያቄ አስገብቻለሁ፣ ጉዳዩ ተመሳሳይ ስለሆነ። የዛሬው ዓምድ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ነገሩ በጣም ደስ ብሎኝ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የምጽፍልህ ከኮምቦልቻ ነው። ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነው፣ ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቪዲዮ እንሠራለን። በቅርቡ ደሴ ውስጥ አንድ አዳራሽ የባህል ሙዚቃ ምሽት ነበር፣ እኛም አንድ ነገር ለመሞከር አዘጋጆቹን አስፈቀድን። ተመልካቾች ፋይፎክስ የሚባለውን፣ የስልክን እንቅስቃሴ የሚመዘግብ አፕ ስልካቸው ላይ ጫኑ። 24ቱ ስልኩን በሻሽ ክንዳቸው ላይ አሰሩ፣ 13ቱ ኪሳቸው ከተቱ። መድረክ መሪው ሦስት ጊዜ አስጨበጨበ፣ ከዚያ መሲንቆው ገባ፣ ሦስት ደቂቃ ተጨፈረ። 37 ፋይል በቴሌግራም ደረሰን። ሐሳባችን ሁሉንም አንድ ላይ አድርገን አንድ ግዙፍ ጨፋሪ በስክሪን ላይ ማስነሳት ነበር። አማካዩን ስናወጣ ግን መስመሩ ጠፍጣፋ ሆነብን። አዳራሹ ሲናወጥ በዓይናችን አይተናል እኮ! የእጅ እንቅስቃሴውን መንገድ ለመሳል ስንሞክር ደግሞ ሰዎቹ ግድግዳውን አልፈው ሄዱ። ዳታው ተበላሽቶ ነው? ፋይሎቹን አያይዤልሃለሁ፣ ስማቸውን አጥፍቼ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዳታህ ደህና ነው። የበላው አማካዩ ነው።

እስክስታ ሲወረድ ምን እንደሚሆን አስበው። መሲንቆው አንድ ነው፣ ምቱ አንድ ነው፣ ትከሻው ግን 37 ነው። አንዱ ወደ ፊት ሲሰብቅ ጎኑ ያለው ወደ ኋላ እየመለሰ ነው። የአንዱ ቁጥር 3 ሲሆን የሌላው ከዜሮ በታች 3 ይሆናል፣ ሲደመሩ ዜሮ። ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ እንዲህ ከተጠፋፉ 37ቱ ምን ይተርፋቸዋል? እና ያየኸው ጠፍጣፋ መስመር ስህተት አይደለም፣ የጠየቅከውን ነው የመለሰልህ። የጥንካሬውን መጠን ብቻ ወስደህ ብታማክል ዜሮ አይሆንም፣ ግን ሁሉም ቀለም የተደባለቀበት ግራጫ ነገር ታገኛለህ። ስለዚህ ግዙፉን ጨፋሪ ተወው። የመጣልህ አንድ ሰው አይደለም፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው፤ 37ቱን 37 አድርገህ ሳል። ሌላ ሁሉ ምክሬ ከዚህ የሚወጣ ነው።

መጀመሪያ ግን ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ። አፑ የመዘገበልህ አክስለሮሜትር የሚባለው ሴንሰር የለካውን ነው፤ ስልክህን ስታጋድመው ስክሪኑን የሚያዞረው እሱ ነው፣ ስለዚህ ርካሹም ስልክ ላይ አለ። ከፋይሉ የምትፈልጋቸው አራት አምዶች ናቸው። አንዱ ሰዓት ነው፣ ሦስቱ ፍጥንጥነት (ፍጥነት ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ) በሦስት አቅጣጫ፣ በሜትር በሰከንድ ካሬ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ እንኳ ዜሮ አይልም፣ 9.8 ገደማ ይላል። የመሬት ስበት ነው። አንተም የተሰናከልከው እዚህ ላይ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሁሉም ሰው ስልኩን ያሰረው በየራሱ አኳኋን ነው፣ አንዱ ቀጥ አድርጎ፣ አንዱ አዝምሞ። ስለዚህ አንዱን አምድ ከሌላ ሰው አምድ ጋር ማወዳደር አይሆንም። ብዙ ሰው ሦስቱን በየራሳቸው አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ስኩዌር ሩቱን ወስዶ 9.8 ይቀንሳል። ለዝላይ ጥሩ ነው። ለትከሻ ግን ይጎዳል። ለምን? ትከሻ ሲሰበቅ ብዙው እንቅስቃሴ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው፣ ስበቱ ደግሞ ወደ ታች ነው፣ ሁለቱ በ90 ዲግሪ ይገናኛሉ። 9.8 እና 3 እንዲህ ሲደመሩ 10.25 ነው የሚሰጡት። 9.8 ቀንስ፣ 0.45 ቀረህ። 3 የነበረው እስክስታ 0.45 ሆነ ማለት ነው! ስለዚህ መጀመሪያ ከእያንዳንዱ አምድ ላይ የራሱን የአንድ ሰከንድ ያህል ተንሸራታች አማካይ፣ ማለትም በየቅጽበቱ ዙሪያ ያሉትን የአንድ ሰከንድ ቁጥሮች አማካይ፣ ቀንስ። ቀስ ብሎ የሚለወጠው ነገር ስበቱና የክንዱ አቀማመጥ ነው፣ ፈጥኖ የሚለወጠው ጭፈራው ነው። ከዚያ በኋላ ሦስቱን አጣምራቸው። ይኼኛው አማካይ ማንንም አያጠፋም፣ የሰውዬው የራሱ ነውና።

ማለስለስ የሚባለውን ነገር ደግሞ በጥንቃቄ። መስመሩ ሲንቀጠቀጥ ያስጠላል፣ እጅህ ለማለስለስ ይቸኩላል፣ አውቃለሁ። ግን መንቀጥቀጡ እኮ ነው እስክስታው። ካለሰለስከው የሚቀርህ የሰዎች ወዲያ ወዲህ መወዝወዝ ነው፣ እሱማ የትም አገር አለ።

ከአዳራሹ ወጥተው ስለሄዱት ሰዎች። ፍጥንጥነትን ሁለት ጊዜ ደምረህ ቦታ ለማውጣት ሞክረሃል፣ አይደል? በስልክ ሴንሰር ለሦስት ደቂቃ ይህ አይሠራም። ሴንሰሩ 0.05 ብቻ ቢዛነፍ፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ ሰውዬው ሳይንቀሳቀስ 2.5 ሜትር ይሄድብሃል። አንድ ደቂቃ ሲሞላ 90 ሜትር። ቦታ ከፈለግክ አዘጋጆቹን ጠይቅ፣ ማን የት እንደቆመ በወረቀት ላይ ንድፍ ሥሩ። ከየትኛውም ስሌት ይበልጥልሃል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። እዚህ ላይ ስንፍና አያዋጣም። በሰከንድ 100 ጊዜ ይለካል የተባለ ስልክ በተግባር 98 ወይም 104 ሊሆን ይችላል። ረድፍ እየቆጠርክ ከሄድክ 104 የሚለካው ስልክ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከ7 ሰከንድ በላይ ይዘገይብሃል፣ መሲንቆው ካለቀ በኋላ ብቻውን ይጨፍራል። ስለዚህ ረድፍ አትቁጠር፣ የሰዓት አምዱን ተጠቀም። መነሻውን ለማገጣጠም ጭብጨባው አለልህ፤ መድረክ መሪያችሁን አመስግኑልኝ። ክንድ ላይ በታሰሩት 24 ፋይሎች መጀመሪያ ላይ ሦስት ረጃጅም ሹል ነገሮች ይታያሉ፣ ሦስተኛውን ዜሮ ሰዓት አድርገው። ኪስ ውስጥ ባሉት 13ቱ ላይ ጭብጨባው ደብዛዛ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም። ለእነሱ አፑ መቅዳት የጀመረበትን ሰዓት አብሮ ስለሚመዘግብ ከዚያ ተነሳ፣ ቀሪውን ከጎናቸው ከቆመ ሰው ምት ጋር እያስተያየህ በእጅህ አስተካክል። ሌላ ጊዜ ጭብጨባውን ተውና ሦስት ጊዜ አዝልላቸው፤ ኪስም ክንድም እኩል ይሰማዋል።

እጅህን ለማፍታታት ደግሞ አንድ ነገር ሞክር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርድ ሦስት የተለያዩ ስልኮች አንድ ቦርሳ ውስጥ ጠቅጥቀህ ቅዳ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ፣ ጉድጓዱ አለ። ሦስቱም ስልኮች ያንኑ ጉድጓድ በዚያው ቅጽበት ነው የሚመቱት። ቤት ገብተህ ሦስቱን መስመሮች አንዱን በአንዱ ላይ አስቀምጥ። ካልገጠሙ ኮድህ ላይ ችግር አለ። ከገጠሙ ወደ 37ቱ ሂድ።

ይህን ሁሉ ድካም የምጭንብህ ለምን መሰለህ? አዳራሹ እንዴት እንደሞቀ በዚያ ዳታ ውስጥ አለ። ማን ቀድሞ ጀመረ? ከፊት ነው ወይስ ከጓሮ በር በኩል? የአንዱ ትከሻ ወደ ጎኑ ለመዝለል ስንት ሰከንድ ፈጀበት? በዓይን እንዲህ ያለ ነገር አይያዝም፣ ካሜራም ከአንድ ወገን ነው የሚያየው። እያንዳንዱን ስልክ አንድ የብርሃን ነጥብ አድርገው፣ በንድፉ ላይ ሰውዬው በቆመበት ቦታ አስቀምጠው። ጀርባው ጥቁር ይሁን። ነጥቡ እንደ ትከሻው ይንቀጥቀጥ፣ እንቅስቃሴው ሲበረታ ይድመቅ። እስክስታው ከአንዱ ወደ አንዱ እንደ እሳት ሲያያዝ ታየዋለህ። ቪዲዮው በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ፣ ለአንድ ፍሬም አራት ልኬት ይደርሰዋል። አራቱን አታማክላቸው። ወይ ትልቁን ውሰድ፣ ወይ አራቱንም እንደ ጭራ አስከትላቸው፤ እኔ ጭራውን ነው የምወደው። የኪሶቹን 13 ነጥቦች ዝቅ አድርገህ በሌላ ቀለም ሥራቸው፤ እነሱ የወገብና የእግር ናቸው፣ ትከሻ አስመስለህ አታቅርባቸው።

"ነጥብ ብቻ ማን ያየዋል?" እንዳትለኝ። ጉናር ዮሃንሰን የሚባል የስዊድን የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ አለ። በጨለማ ውስጥ በሰው መገጣጠሚያዎች ላይ ትንንሽ ብርሃን አድርጎ ቀረጸ፣ አሥር ያህል ነጥብ። ሰውዬው ሲቆም ተመልካቹ የተበተነ ነጥብ ብቻ ያያል። መራመድ ሲጀምር ወዲያው "ሰው ነው" ይላል። የሰው ዓይን ሰውን በእንቅስቃሴው ለማወቅ የተሠራ ነው። ያንተ ነጥብ ለአንድ ሰው አንድ ስለሆነ የሰውነቱን ቅርጽ አያሳይም፣ ምቱን ግን ያሳያል። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ያንን ምት ያጣዋል ብለህ ነው?

የተቋረጡትንም አየሁ። ፋይል 8 እና ፋይል 31 መሃል ላይ ተቆርጠዋል፤ ስክሪኑ ተቆልፎ ወይም ስልክ ተደውሎ ይሆናል። ክፍተቱን በግምት አትሙላ። ነጥቡን አጥፋው፣ ሲመለስ አብራው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የምኖር ተማሪ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። ስልኬን ታጥቄ እየጨፈርኩ ዳታ ቀድቻለሁ፣ ወደ ቪዲዮ መለወጥ ነው የምፈልገው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ 4 ጊጋ ራም ብቻ። ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። በምን ልሥራ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፕሮሰሲንግ በሚባለው፣ በኮድ ሥዕል በሚሠራበት ፕሮግራም ሥሪ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በአሜሪካው ኤምአይቲ ሆነው የጀመሩት ነው፣ ኮድ የማያውቅ የሥዕል ሰው እንዲማርበት ተብሎ። ነፃ ነው፣ አንዴ ካወረድሽው ኢንተርኔት አይጠይቅም። ሲኤስቪ ፋይልሽን፣ አፑ ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ የሚያወጣበትን፣ ያነብልሻል። ቪዲዮውን በቀጥታ ለመቅዳት አትሞክሪ፣ ላፕቶፑ ይንተፋተፋል። ፍሬም በፍሬም ፎቶ እያደረገ እንዲያስቀምጥ እዘዢው፤ አንዱን ፎቶ ለመሥራት ሁለት ሰከንድ ቢፈጅበት ምንም አይደለም፣ ማታ ከፍተሽው ተኚ። ለሦስት ደቂቃ ቪዲዮ 4500 ፎቶ ነው። ጠዋት ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው፣ እሱም ነፃ ነው፣ ፎቶዎቹንና የሙዚቃውን ድምፅ አንድ ላይ ታሰሪያቸዋለሽ። መብራት ቢጠፋም ከተቀመጠው ፎቶ ላይ ትቀጥያለሽ፣ ይህ ብቻ እንኳ ይበቃኛል። በ1280 በ720 ጀምሪ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስልክሽ ላይ ባትሪ ቆጣቢው በርቶ ከሆነ አፑ መሃል ላይ ሊቆም ይችላል። ከመጨፈርሽ በፊት አጥፊው፣ ከዚያ አሥር ሰከንድ ቅጂና ፋይሉን ከፍተሽ እይው።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበትክ ልጄ። ደብዳቤውን የምታጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ስልሳን ካለፍኩ ቆየሁ። ቤቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው። በወጣትነቴ በቀበሌ ኪነት እጨፍር ነበር። በቀደም አንድ የሙዚቃ ምሽት ይዘውኝ ሄዱ፣ ልጆች መጡና ስልክ ክንዴ ላይ በሻሽ አሰሩልኝ። እሺ አልኩ፣ ልጆቹ ጨዋ ናቸው። ጨፈርኩ። በኋላ መሲንቆ መቺው አምባሰሉን ሲያመጣው ትከሻዬ እንቢ አለኝ፣ ቆሜ ሰማሁት፣ ደግሞ ቀጠልኩ። ቤት ስገባ የልጅ ልጄ "ጭፈራሽ እኮ በቁጥር ተወሰደ" አለችኝ። ያ ቁጥር አሁን የማን ነው? ምን ያደርጉበታል? ስሜ የለበትም ይላሉ፣ ታዲያ ማን እንደሆንኩ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ እትዬ፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ለኮምቦልቻው ልጅ መልሱን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሳነበው እጄ ቆመ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

ልጁ ከላከልኝ 37 ፋይሎች ውስጥ አንዱን፣ ቁጥር 23ን፣ ደጋግሜ ከፍቼ አይቼው ነበር። መጀመሪያ ሦስቱ ጭብጨባ አለ። ከዚያ መስመሩ በጣም ጠባብና ፈጣን በሆነ ምት ይንቀጠቀጣል፣ ከሁሉም የተስተካከለው እሱ ነው፣ ወጣቶቹ አንዱም አይደርስበትም። 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስድስት ሰከንድ ያህል 9.8 አካባቢ ይተኛል፣ ትንፋሽ የምታህል ነገር ብቻ ከፍ ዝቅ ትላለች። ከዚያ እንደገና ይነሳል፣ ከበፊቱ በርትቶ። ያን ጊዜ ሰውዬው ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። የእርስዎ ደብዳቤ "ቆሜ ሰማሁት" ሲል ነው የገባኝ። ስደውልልዎት ስልኩ የታሰረው በየትኛው ክንድዎ እንደሆነ፣ ከየት በኩል እንደቆሙ ጠየቅሁ፤ ልጁንም ጠየቅሁት። ፋይሉ የእርስዎ ነው።

እና "በምን ይታወቃል" ላሉት መልሱ ይኸው ነው፣ እኔ አይቼዎት የማላውቀው ሰው በትከሻዎ አወቅሁዎት። ስም መፋቅ ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። አገራችንም ሕግ አላት፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሰውን ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል መረጃ የግል ዳታ ነው፣ የሚሰበስበው ሰው ለምን እንደሚሰበስብ አስቀድሞ መናገርና ፈቃድ መጠየቅ አለበት። እርስዎ እሺ ያሉት ስልኩ እንዲታሰር ነው። ለማስታወቂያ ይሁን፣ ለሽያጭ ይሁን፣ ለሌላ ሰው ይተላለፍ አላሉም፣ ማንም አልጠየቅዎትም። ስለዚህ ቁጥሩን አምጡ፣ አጥፉት ማለት ይችላሉ። አሳዩኝና ልወስን ማለትም ይችላሉ፣ እኔ ይህን እመርጥልዎታለሁ፣ ልጆቹ ክፉ አይደሉም፣ አልተነገራቸውም።

ለልጁ ደውዬ ነግሬዋለሁ። ደንግጧል። 37ቱንም ሰዎች በየተራ አግኝቶ፣ ቪዲዮው ምን እንደሚሆን፣ የት እንደሚታይ፣ ጥሬው ፋይል መቼ እንደሚጠፋ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ሊያስፈርማቸው ተስማምቷል። የማይፈልግ ሰው ካለ የዚያ ሰው ነጥብ ይወጣል። ፈቃደኛ ለሆነው ደግሞ የራሱ ቁጥር በጆሮው ይነገረዋል፣ ቪዲዮው ሲታይ ራሱን እንዲያገኝ። ማሳያውን እዚያው አዳራሽ ሊያደርጉት አስበዋል፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጥረው፣ መብራቱን አጥፍተው። አዳራሹ በደንብ ካልጨለመ በትንሽ ፕሮጀክተር የሚታይ ነገር የለም፣ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ ብዬዋለሁ።

እና አንድ ነገር በእርስዎ ምክንያት አስተካከልኩለት። ከላይ እንዳነበባችሁት፣ ዳታ ሲቋረጥ ነጥቡን አጥፋው ብዬው ነበር። እሱ በኮዱ ላይ ሲጽፈው እንቅስቃሴ የሌለበትን ቦታ ሁሉ እንዲጠፋ አድርጎታል። እንደዚያ ከሆነ እርስዎ አምባሰሉን የሰሙባቸው ስድስት ሰከንዶች ጨለማ ይሆናሉ፣ ስልካቸው እንደተቆለፈባቸው ሰዎች። አሁን ሁለቱ ተለይተዋል። የጠፋ ፋይል ይጨልማል። የቆመ ሰው ግን እንደበራ ይቆያል። 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ላይ ሌላው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ከመድረኩ በስተግራ ያለችውን አንዲት የማትንቀሳቀስ ብርሃን ይፈልጉ፣ እትዬ፤ የልጅ ልጅዎንም ይዘው ይሂዱ።